ፕራይመር ያለበት ቀለህ ዳግም ሲሞላ፦ የቱ ይቆያል፣ የቱ ይነቀላል

ቤቱ ውስጥ ጥይት በሚሞላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ፕራይመር (ሲመታ ፈንድቶ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ቆብ) ገብቶለት ባሩድና አረር (ተወርዋሪው ጫፍ) የሌለው ቀለህ (የጥይቱ የነሐስ ቅርፊት) አይጠፋም። አንዳንዱ ሙሌቱ ስላጠራጠረ አረሩ ተነቅሎ ባሩዱ የተደፋ ነው። አንዳንዱ ሥራው መሐል ላይ ተቋርጦ ሳጥን ውስጥ የከረመ ነው። ከፋብሪካ ፕራይመር ተገጥሞለት የሚሸጥም አለ። ሲያዩት ባዶ ይመስላል፤ ግርጌው ላይ ግን ያልተመታ ፕራይመር አለ። ያቺ ቅንጣት ውህድ ብቻዋን ስትፈነዳ የብረት ስብርባሪ ዓይን ውስጥ መሰንቀር ትችላለች።

የተተኮሰ ቀለህ ሲሞላ የሥራው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፦ አሮጌው ፕራይመር ይወጣል፣ ቀለሁ ይጸዳል፣ ወደ መጠኑ ይመለሳል፣ ርዝመቱ ይስተካከላል፣ አዲስ ፕራይመር ይገባል፣ ባሩድና አረር ይከተላሉ። ፕራይመሩ አስቀድሞ ገብቶ ከሆነ ግን ከእነዚህ ደረጃዎች ግማሾቹ ወይ ይዘለላሉ ወይ በሌላ መንገድ ይሠራሉ። አደጋ የሚመጣው ይህን ረስቶ እንደወትሮው በመቀጠል ነው።

ቤት ውስጥ ጥይት መሙላት በአንዳንድ አገሮች የተፈቀደ፣ በሌሎች ፈቃድ የሚጠይቅ፣ በሌሎች ደግሞ የተከለከለ ሥራ ነው። ያላችሁበትን አገር ሕግ አስቀድማችሁ አጣሩ።

መጀመሪያ፦ ምን እንደያዛችሁ እወቁ

ፕራይመር ሁለት ዓይነት ነው፤ ቦክሰርና በርዳን። ሁለቱም የ1860ዎቹ ሥራዎች ናቸው። በቦክሰር፣ የሚቀጣጠለው ውህድ የሚጨፈለቅባት ትንሿ ጉጥ ፕራይመሩ ውስጥ ናት፤ ቀለሁ ደግሞ መሐሉ ላይ አንድ የእሳት ቀዳዳ ብቻ አለው። በበርዳን ጉጧ የቀለሁ አካል ስትሆን በዙሪያዋ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉ። በእጅ ባትሪ በአፉ በኩል ወደ ውስጥ ብታበሩ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ለዳግም ሙሌት የሚመቸው ቦክሰር ነው። በርዳን የሆነውን በተለመደው ዳይ (ቀለሁን ጨምቆ ወደ መጠኑ የሚመልስ የብረት ቅርጽ) ፕራይመሩን እናውጣ ብትሉ የዳዩ ማውጫ መርፌ ይሰበራል፤ ሕያው ፕራይመር ላይ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ግፊት ማሳረፍ ጨርሶ አይገባም።

ቀጥሎ የፕራይመሩ መጠንና ዓይነት ነው። ትንሹ ወደ 4.45፣ ትልቁ ወደ 5.33 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ችግሩ ስፋት ብቻውን ሁሉንም አለመናገሩ ነው። ትንሹ የሽጉጥና ትንሹ የጠመንጃ ፕራይመር ስፋታቸው አንድ ሆኖ የሽጉጡ ቆብ ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ በጠመንጃ ግፊት ሊበሳና ትኩስ ጋዝ ወደ ኋላ ሊለቅ ይችላል። መደበኛውና ማግነም የሚባለው (እሳቱ የበረታው) ደግሞ በመልክ አይለዩም፣ ግን በአንድ ዓይነት ባሩድ ላይ የተለያየ ግፊት ይፈጥራሉ። የቆቡ ቀለም፣ ብርማም ይሁን ወርቃማ፣ ለዚህ ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ ሳጥኑ ላይ የፕራይመሩ ሠሪ፣ ዓይነትና የምርት ቁጥር ተጽፎ ካልተገኘ ያንን ቀለህ በጠመንጃ ሙሌት ላይ አታውሉት። ፕራይመሩን አስወግዳችሁ ቀለሁን እንደ ማንኛውም የተተኮሰ ቀለህ ከመጀመሪያው አስጀምሩት። የአንድ ፕራይመር ዋጋ ለዚህ ሁሉ ጥርጣሬ አይበቃም።

አረር ያለበት ከሆነ፦ አነቃቀል

ሁለት መሣሪያ አለ። አንዱ በመዶሻ ቅርጽ የተሠራ ፕላስቲክ ነው፤ ጥይቱ ተገልብጦ ውስጡ ይታሰርና ጠንካራ ነገር ላይ ሲመታ አረሩ በራሱ ክብደት ይወጣል። ሌላው ፕሬስ (ቀለሁን ወደ ዳይ የሚገፋ ባለ እጀታ መጫኛ) ላይ የሚገጠም፣ አረሩን አንቆ የሚይዝ መንቀያ ነው። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፣ ግን ባሩዱም አረሩም ፕላስቲኩ ውስጥ ይደባለቃሉ። ብዙ የሚነቅል ሰው ሁለተኛውን ቢይዝ ይሻለዋል። በመዶሻው ስትሠሩ ከራሱ ጋር በመጣው መያዣ ብቻ ተጠቀሙ፤ የፕሬስ ቀለህ መያዣን በምትኩ መክተት ፕራይመሩን ላልታሰበ ጫና ሊያጋልጠው ይችላል። ከግርጌው ጠርዝ ላይ ተመትቶ የሚተኮስ ጥይት (ለምሳሌ 22 ካሊበር) በመዶሻ አይነቀልም። የሚያበራ፣ የሚያቃጥል ወይም የሚፈነዳ የወታደር አረርም በምንም መንገድ አይነካም።

የወጣው ባሩድ ምን እንደሆነ በራሳችሁ መዝገብ ካልታወቀ ተመልሶ አይሞላም። ከመልኩ ተነስቶ ባሩድ መለየት አይቻልም።

በወታደር ጥይቶች አንገት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሬንጅ መሰል ጥቁር ማሸጊያ ይገኛል። ባሩድ ቅንጣቶች እዚያ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። በደረቅ የናይለን ብሩሽ አራግፉት። ቤንዚን፣ አሴቶን ወይም ሌላ ማሟሚያ አትጠቀሙ፤ ፈሳሹ በእሳት ቀዳዳው በኩል ቀጥታ ወደ ፕራይመሩ ይወርዳል። ከዚያ ቀለሁን ገልብጣችሁ መታ መታ አድርጉና በባትሪ ውስጡን እዩ። አንድም ቅንጣት ባሩድ ያለበት ቀለህ ወደ ፕሬስ አይሄድም።

ፍተሻ

ከሁሉ በፊት መነጽር ይደረግ።

አንገቱና ትከሻው (አንገቱ ወደ ገላው የሚሰፋበት ቦታ) ላይ በቁመት የሄደ ስንጥቅ ካለ፣ ቀለሁ አልቋል። ነሐሱ በተደጋጋሚ ሲጠብና ሲሰፋ ይደርቃል፣ መጀመሪያ የሚሰነጠቀውም አፉ ነው። ከግርጌው ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚሄድ ብሩህ ቀለበት ግን ከዚህ የከፋ ነው። ግድግዳው ከውስጥ እየሳሳ መሆኑን ይናገራል፤ በሚቀጥለው ተኩስ ቀለሁ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ለማረጋገጥ ቀጭን ሽቦ ጫፉን ትንሽ ቆልምማችሁ በአፉ አስገቡና ከታች ወደ ላይ ግድግዳውን እየዳሰሳችሁ ጎትቱ። ጫፉ በአንድ ቦታ ጎድጎድ ያለ መስመር ላይ ከያዘ ያ ቀለህ ይጣላል፤ ፕራይመሩ አስቀድሞ ከወጣ በኋላ ነው እንጂ እንዳለ አይደለም። ሽቦውን ወደ ታች አትውጉት፣ የእሳት ቀዳዳው እዚያ ነው።

ፕራይመሩን በተመለከተ ሦስት ነገር ይታያል። ከቀለሁ ግርጌ ወለል በላይ ወጥቷል ወይ? ዙሪያው ላይ ክፍተት አለ ወይ? ፊቱ ላይ የጠመንጃው ወይም የሽጉጡ መርፌ የመታው ምልክት አለ ወይ? በመጨረሻው ላይ ልብ በሉ፦ ተመትቶ ያልፈነዳ ፕራይመር አሁንም ሕያው ነው፣ ግን ለሙሌት አይሆንም።

ነሐሱ አረንጓዴ ሆኖ የተበላ ከሆነ፣ ወይም አሞኒያ ባለበት የጽዳት ፈሳሽ ታጥቦ እንደነበር ካወቃችሁ ተዉት። የጥይት ነሐስ ወደ 70 ከመቶ መዳብና 30 ከመቶ ዚንክ ነው፤ አሞኒያ ይህን ቅይጥ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ጽዳት፦ ውሃ የለም፣ ማሽን የለም

ፕራይመር ያለበት ቀለህ በውሃ አይታጠብም፣ በአልትራሳውንድ መታጠቢያ ውስጥ አይገባም፣ ከብረት መርፌዎች ጋር በሚሽከረከር ማሽን አይጸዳም። በደረቅ የሚያጸዳው፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ፍርፋሪ የሚጠቀመው ማሽንም ቢሆን አይሆንም። ፍርፋሪው የእሳት ቀዳዳው ውስጥ ይሰነቀራል፤ በተለመደው ሥራ ፕራይመር ማውጫው መርፌ ይገፋው ነበር፣ እዚህ ግን መርፌ አይገባም። ውጤቱ ዘግይቶ የሚተኮስ ወይም ጭራሽ የማይተኮስ ጥይት ነው።

የሚሠራው እጅና ጨርቅ ነው። ደረቅ ጨርቅ፣ ለከረረው ቆሻሻ እጅግ ደቃቅ የብረት ሱፍ፣ ለአንገቱ ውስጥ ደረቅ ናይለን ብሩሽ። ማብረቅረቅ አይጠበቅበትም። የጠቆረ ነሐስ ንጹህ እስከሆነ ድረስ እንደ አዲሱ ይተኮሳል።

ወደ መጠን መመለስ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄም ይህ ቀለህ በእርግጥ መጠኑ መስተካከል አለበት ወይ የሚለው መሆን አለበት። አረሩ የተነቀለ ቀለህ ከዚያ በፊት ተስተካክሎ ነበር፤ ገላውም ትከሻውም አልተለወጠም። የላላው አንገቱ ብቻ ነው። ከተስተካከለ በኋላ ያልተተኮሰውን ቀለህ ሙሉ በሙሉ እንደገና ዳይ ውስጥ መጭመቅ ድካምና አደጋ እንጂ ጥቅም የለውም።

አረር ይዛችሁ አንገቱ ላይ ሞክሩ። በጣት ግፊት ብቻ የሚገባ ከሆነ አንገቱ መጥበብ አለበት። የማይገባ ከሆነ በካሊፐር (የስፋት መለኪያ) ለኩ፤ የአንገቱ የውስጥ ስፋት ከአረሩ በ0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢጠብ ጥሩ ነው።

አንገቱን ለማስተካከል፦

1. ዳዩን ፍቱና ፕራይመር ማውጫ መርፌውን አውጡ። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው የፕሬስ ግፊት ሕያው ፕራይመሩን ይገፋዋል። በብዙ ዳዮች መርፌው ለብቻው በትንሽ ብሎን ስለሚታሰር አንገት ማስፊያውን እንክብል ትታችሁ እሱን ብቻ ማውጣት ትችላላችሁ። ዘንጉና መርፌው አንድ ወጥ የሆነበት ዳይ ከሆነ ግን ሙሉውን ማውጣት ግድ ነው፤ ያኔ አንገቱ ከሚገባው በላይ ስለሚጠብ በሌላ የማስፊያ ዘንግ መልሳችሁ ታሰፉታላችሁ። ሽጉጥ ላይ ነገሩ ቀላል ነው፣ ማስፊያው ለብቻው ሌላ ዳይ ስለሆነ መርፌውን ማውጣት ብቻ ይበቃል።

2. የቀለህ መያዣውን አጽዱ። መሐሉ ቀዳዳ ስለሆነ ፕራይመሩ በቀጥታ ብረት ላይ አይቀመጥም፤ ነገር ግን ከቀድሞ ሥራ የቀረ ጉጥ ወይም የደረቀ ጥላሸት እዚያ ከተቀመጠ ፕሬሱ ሲገፋ የፕራይመሩን ፊት ይወጋል። ቀለሁ መያዣው ውስጥ ሲንሸራተት የሚያንቀው ነገር ካለ አታስገድዱት፤ ፕራይመሩ ወጣ ብሎ ሊሆን ይችላል።

3. ቅባቱ ሰም መሰል ደረቅ ቅባት ይሁን። በጣት ጫፍ ስስ አድርጋችሁ አንገቱንና የገላውን የላይ ክፍል ቀቡ። የሚረጭ ቅባት አትጠቀሙ፣ ግርጌውንም አትንኩ። ለአንገቱ ውስጥ ደረቅ ግራፋይት ይበቃል። ዘይት ፕራይመርን ይገድላል የሚባለው ነገር በሁለት በኩል ያሳስታል፦ አንዳንዱ ዘይት የነካው ፕራይመር በእርግጥ አይተኩስም፣ አንዳንዱ ግን ቀናት ቆይቶም ይፈነዳል። ስለዚህ ዘይት የነካውን ለሙሌት አትመኑት፤ ለደህንነታችሁ ደግሞ ሕያው እንደሆነ ቁጠሩት።

4. ዳዩን ከተለመደው ከፍ አድርጋችሁ ግጠሙ። አንገቱንና ትከሻውን በማርከር ቀለም ቀቡ፣ ቀለሁን ቀስ ብላችሁ አስገቡና አውጡ። ዳዩ የደረሰበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተፍቆ ይታያል። የተፋቀው ከትከሻው በላይ የቆመ ከሆነ አቀማመጡ ልክ ነው። ካነሰ ዳዩን በሩብ ዙር ዝቅ እያደረጋችሁ ሞክሩ።

5. ፕሬሱን በእርጋታ ሳቡ። ከወትሮው የተለየ ጥንካሬ ከተሰማችሁ ቁሙና መልሱ።

ቀለሁ የተተኮሰ ሆኖ በኋላ ሳይስተካከል ፕራይመር የገባለት ከሆነ (ይህም ያጋጥማል) ሙሉ ገላውን ማስተካከል ያስፈልገዋል። ሥራው ያው ነው፣ ቅባቱ ግን እስከ ገላው ታች መድረስ አለበት፣ ትከሻውም በጌጅ (ለዚሁ በተሠራ መለኪያ) መለካት አለበት። መዝጊያው በእጅ ለሚሳብ (ቦልት) ጠመንጃ ትከሻውን በ0.025 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ መመለስ ይበቃል፤ በራሱ ለሚጎርስ ጠመንጃ እስከ 0.1 ይኬዳል።

የሚያስፈራው ነገር ቅባት አንሶ ቀለሁ ዳይ ውስጥ መቀርቀሩ ነው። ባዶ ቀለህ ሲቀረቀር ግርጌው በድሪል ተበስቶ፣ ብሎን ተቀርጾበት ይሳባል። ፕራይመር ያለበትን እንዲህ ማድረግ ድሪሉን ፈንጂ ላይ ማሽከርከር ነው። ከላይ ዘንግ አስገብቶ በመዶሻ መምታትም ያው ነው፤ ዘንጉ በእሳት ቀዳዳው በኩል ፕራይመሩን ሊያገኘው ይችላል። ዳዩን ከፕሬሱ ፍቱ፣ ውስጡ ሕያው ፕራይመር እንዳለ ጻፉበት፣ የመሣሪያ ባለሙያ ወይም የዳዩ ሠሪ ያውጣው። አስቀድሞ ነግሮ እንጂ ዝም ብሎ በፖስታ አይላክም።

ብዙ ደረጃ በአንዴ የሚሠራ ፕሬስ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የፕራይመር ማስገቢያው ክፍል ካልተዘጋ ማሽኑ ከገባው ፕራይመር በታች ሌላ ፕራይመር ይገፋል፤ ሁለት ሕያው ፕራይመር ፊት ለፊት ይጨፈለቃሉ፣ ከበላያቸው ደግሞ መጋቢው ቱቦ ሙሉ ነው። ቱቦውን ባዶ አድርጉና አንሱት። ከሁሉ የሚሻለው ግን እንዲህ ዓይነቱን ቀለህ አንድ ደረጃ ብቻ ባለው ፕሬስ መሥራት ነው።

ርዝመት

ከፍተኛው የቀለህ ርዝመት ለ223 ሬሚንግተን 44.70፣ ለ308 ዊንቸስተር 51.18፣ ለ30-06 ደግሞ 63.35 ሚሊ ሜትር ነው። ያለፈውን በ0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ከዚህ ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ተለምዷል። ረዝሞ የተተወ አፍ ቻምበሩ (ጥይቱ የሚቀመጥበት የጠመንጃው ክፍል) ጫፍ ላይ ይጣበቅና አረሩን አንቆ ይይዘዋል፣ ግፊቱም ይንራል።

መቁረጫው ዓይነት ወሳኝ ነው። በአንዳንድ ርካሽ መቁረጫዎች ርዝመቱን የሚወስነው በቀለሁ ውስጥ አልፎ በእሳት ቀዳዳው የሚወጣ ቀጭን ዘንግ ነው። ያ ዘንግ ፕራይመር ያለበት ቀለህ ውስጥ በምንም ሁኔታ አይገባም። ቀለሁን በጠርዙ ይዞ ከአፉ በኩል ብቻ የሚቆርጠውን ተጠቀሙ። ከቆረጣችሁ በኋላ አፉን ከውስጥም ከውጭም በቀስታ ሞርዱ፣ ገልብጣችሁ ፍርፋሪውን አራግፉ፣ እንደገና በባትሪ ውስጡን እዩ።

አንገትን በእሳት ማለስለስ የሚባለው ሥራ ግን ፕራይመር እያለ የለም። አለቀ።

የፕራይመሩ ጥልቀት

ፕራይመሩ ከግርጌው ወለል ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። በካሊፐሩ የጥልቀት መለኪያ ማወቅ ይቻላል፤ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ጠርዝ ግርጌው ላይ አጋድሞ መሐሉ ላይ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ማየትም ቢያንስ ወጣ ያለውን ይለያል። ወጥቶ የቀረ ፕራይመር በራሱ በሚጎርስ ጠመንጃ ላይ መዝጊያው ሲመታው በራሱ ሊተኩስ ይችላል፤ በሌላው ደግሞ የመርፌው የመጀመሪያ ምት ፕራይመሩን ወደ ውስጥ በመግፋት ያልቅና አይፈነዳም።

ወጣ ያለውን በእጅ በሚሠራ ፕራይመር መግጠሚያ፣ ቀለሁ ባዶ መሆኑን አረጋግጣችሁ፣ በዝግታ ግፉት። በአንድ ግፊት ካልገባ መቀመጫው ውስጥ ቆሻሻ አለ ማለት ነው። ደጋግማችሁ አትጫኑት፤ ከሚወገዱት ጋር ይደባለቅ። ባሩድ በተሞላ ቀለህ ላይ ይህን ማድረግ ግን ጨርሶ የተከለከለ ነው።

ባሩድና አረር

ከዚህ በኋላ ያለው ከወትሮው ብዙ አይለይም። የባሩዱ መጠን ከባሩድ ሠሪው ከታተመ ሰንጠረዥ ይወሰዳል፤ ያ ሰንጠረዥ የተጻፈበት ፕራይመር እናንተ ዘንድ ካለው ከተለየ ከከፍተኛው በ10 ከመቶ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩና ቀስ በቀስ ከፍ በሉ። ሁሉንም ሞልታችሁ ቀለሆቹን ማቆሚያው ላይ እንደደረደራችሁ ከላይ በባትሪ ተመልከቱ፤ ሁለቴ የተሞላው ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሎ ይታያል፣ የተዘለለው ባዶውን ያሳያል። አረሩን ስታስገቡ ሲንሸራተት የሚሰማው ጥንካሬ ከቀለህ ቀለህ ተመሳሳይ መሆን አለበት። ላላ ያለውን ለዩት፤ የላላ አረር በጠመንጃው የጥይት ካዝና ውስጥ ወደ ኋላ ይገባል፣ ግፊትም ይጨምራል።

የማይጠቅመውን ፕራይመር ማስወገድ

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። በዙሪያው ነሐስ ተጨፍልቆ ያልታሰረ ፕራይመር በተለመደው ዳይ፣ መርፌው ተመልሶ ገብቶ፣ ሊወጣ ይችላል። ፕራይመር የሚፈነዳው በምት ነው፤ ቀርፋፋና እኩል ግፊት ብዙውን ጊዜ አያፈነዳውም። ብዙውን ጊዜ ነው ያልነው፣ ሁልጊዜ አይደለም። መነጽርና የጆሮ መከላከያ አድርጉ፣ ባሩዱን ከክፍሉ አውጡ፣ ፊታችሁን ከፕሬሱ በላይ አታድርጉ፣ አንድ በአንድ ሥሩ፣ የወጣውን ከማጠራቀሚያው ወዲያው አንሱ። በመዶሻ እየመቱ ፕራይመር የሚያወጡ ቀላል የእጅ መሣሪያዎች ለዚህ አይሆኑም። የወጣው ፕራይመር ጉጡ ተነቃንቆ ሊሆን ስለሚችል ዳግም አይገባም። ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፣ እሳት ውስጥም አይገባም፤ ውህዱ የእርሳስ ጨው ስላለበት መርዛማም ነው። ዘይት ውስጥ አኑሩት፣ አደገኛ ቆሻሻ ለሚረከብ አካል አስረክቡት።

ብዙ የወታደር ቀለህ ላይ እንደሚታየው ዙሪያው ነሐስ ተጨፍልቆ ከታሰረ ግን ለማውጣት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበቱ ሲበዛም ግፊቱ ወደ ምት ይቀርባል። እንዲህ ያለውን ጠመንጃው ወይም ሽጉጡ ውስጥ አስገብቶ መተኮስ ይሻላል። ባሩድም አረርም እንደሌለበት በዓይን ይረጋገጥ፣ ሜዳ ላይ፣ አፈሙዙ ወደ ደህና አቅጣጫ ሆኖ። ካልፈነዳ መዝጊያውን ከመክፈት በፊት 30 ሴኮንድ ጠብቁ።

ሁለት ነገር ይከተላል። ቀለሁን ወደ ኋላ የሚገፋ ባሩድ ስለሌለ የፈነዳው ፕራይመር ከግርጌው ወጥቶ ይቀራል፤ በሪቮልቨር ላይ ይህ ሲሊንደሩ እንዳይዞር ሊያደርገው ይችላል። ሌላው በዓይን አይታይም፦ የመርፌው ምት ቀለሁን ወደ ፊት ይገፋና ትከሻውን ትንሽ ያስገባዋል፣ ባሩዱ ደግሞ መልሶ አይነፋውም። እንዲህ የተተኮሰ ቀለህ ከመሞላቱ በፊት ትከሻው በጌጅ መለካት አለበት፤ አጥሮ ከተገኘ አይሞላም። ከሥራው በኋላ መሣሪያውም ይጸዳል፤ በተለይ አሮጌ የወታደር ፕራይመር ከሆነ ክሎሬት ስላለበት እርጥበት የሚስብ ጨው ይተዋል። ጨው ዘይት አያሟሟውም፣ ውሃ ነው የሚያሟሟው። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ፣ ከደረቀ በኋላ በዘይት።

ማስቀመጥ

ዛሬ የማይሞላው ቀለህ ክፍልፋይ ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ። አቧራና ነፍሳት አይገቡበትም። በጠርሙስ ወይም በቆርቆሮ ውስጥ በጅምላ መክመር አይገባም፤ ይጋጫሉ፣ አንዱ ቢፈነዳ ስብርባሪው ሌላውን ያገኛል። ሳጥኑ ላይ የቀለሁ ዓይነት፣ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ፣ የፕራይመሩ ሠሪና ዓይነት፣ የገባበት ቀን ይጻፍ፤ ፕራይመር ያለበት መሆኑ ደግሞ በትልቅ ፊደል። ባዶ ቀለህ ከሚጠራቀምበት መደርደሪያ ይራቅ፤ አንድ ሳጥን ተሳስቶ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የሚገለበጠው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።